ክሬቲኒናችሁ «ኖርማል» ቢባልም የሽንት አልቡሚን አስመርምሩ

ይህን የምጽፈው ስኳር ለቆየባቸው ሰዎች ነው። እኔን ከያዘኝ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ነው። ደሴ ነው የምኖረው፣ ሴት ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ 57 ነው። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ በራሴ ክትትል ያየሁትን፣ ሐኪሞቼን እየጠየቅኩ የተረዳሁትንና በታላቅ ወንድሜ ላይ የደረሰውን ነው። መድኃኒታችሁን ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ እንዳትቀይሩ ግን አደራ።

ስለ ስኳር ሲወራ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እግርና ዓይን ነው። እግር ይቆስላል፣ ዓይን ይደክማል፤ ሁሉም ያየዋል። ኩላሊት ግን ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወገቡን ይዞ ነው። ስኳር የሚያመጣው የኩላሊት ጉዳት ወገብ አያምም፣ ሽንትም አያቃጥልም። የእግር ማበጥ፣ ጠዋት ጠዋት የፊት ማበጥ፣ የሽንት አረፋ መብዛት የሚባሉት ምልክቶች የሚመጡት ነገሩ ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ «ምንም አይሰማኝም» ማለት ለኩላሊት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራ ስል ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ የደም ነው፣ አንዱ የሽንት። እኔ ያለሁበት ከተማ ብዙ ሰው የሚሠራለት የደሙ ብቻ ነው። ክሬቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ፣ ይታያል፣ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ይባላል፣ ሰውየው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የኔም ወረቀት እንደዚያው ነበር። ክሬቲኒን 1.1 ይላል። አጠገቡ ከተጻፈው መጠን ጋር ሲነጻጸር ምንም የለበትም። ሐኪሜ ግን በዚያ አላቆመችም። ዕድሜዬንና ጾታዬን ስልኳ ላይ አስገባችና ሌላ ቁጥር አወጣች። ኢ ጂ ኤፍ አር ይሉታል። ኩላሊት በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገመትበት ቁጥር ነው። የኔ 59 ሆነ። «ያው 1.1 የሃያ አምስት ዓመት ወንድ ላይ ቢሆን ኖሮ 95 አካባቢ ይመጣ ነበር» አለችኝ። ክሬቲኒን ከጡንቻ ነው የሚመጣው። ጎልማሳ ወንድ ጡንቻው ብዙ ስለሆነ 1.1 ለሱ ምንም አይደለም። ዕድሜዋ ለገፋ ሴት ግን ያው ቁጥር ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ተብሎ ይያዛል። በጤነኛ ወጣት ላይ 90 እና ከዚያ በላይ ነው። ከ15 በታች ሲወርድ ኩላሊት ሥራ አቆመ ይባላል።

ክሬቲኒን ሌላም ጠባይ አለው። ኩላሊት ግማሽ ያህል አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ብዙም ላይነሳ ይችላል። ለዚህ ነው የሽንቱ ምርመራ የግድ የሚሆነው።

በሽንቱ የሚፈለገው አልቡሚን ነው። አልቡሚን ደም ውስጥ መቅረት ያለበት ፕሮቲን ነው። ኩላሊት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ልክ እንደ ወንፊት ናቸው። ስኳርና ግፊት ለዓመታት ሲያስጨንቋቸው ቀዳዳቸው ይሰፋል፤ መቅረት የነበረበት አልቡሚን አብሮ ያልፋል። ይህ ደግሞ ክሬቲኒን ከመነሳቱ ከዓመታት በፊት ሊጀምር ይችላል። ውጤቱ የሚጻፈው አልቡሚን ከክሬቲኒን ጋር ተነጻጽሮ፣ በሚሊግራም በግራም ነው። ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ30 እስከ 300 ከሆነ ማጣሪያው መጎዳት ጀምሯል። ከ300 በላይ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በየጤና ጣቢያው በሽንት ላይ ወረቀት ነክረው የሚያዩት የተለመደ ምርመራ አለ። «ፕሮቲን ኔጋቲቭ» ብሎ ይመጣል። ያ ምርመራ ብዙ ፕሮቲን ሲኖር ነው የሚያሳየው። ከ30 እስከ 300 ያለውን፣ ማለትም ልናተርፈው የምንችልበትን ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ስትጠይቁ በደንብ ለይታችሁ «የሽንት አልቡሚንና ክሬቲኒን ሬሾ ይታይልኝ» በሉ። በየከተማው ላይገኝ ይችላል። የኔ የመጀመሪያው ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ ነው ውጤቱ የመጣው። ትንሽ ብር ይጠይቃል። እኔ ግን በዓመት ውስጥ ለጤናዬ ከማወጣው ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመኝ የለም ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ መታየት አለበት። ምክንያቱም ስኳሩ ሳይታወቅ ስንት ዓመት እንደቆየ ማንም አያውቅም። የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት፣ ከልጅነቱ ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ይጀምራል።

ናሙና ስትሰጡ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ቢሆን ይመረጣል። ትኩሳት ካለባችሁ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከያዛችሁ፣ ወር አበባ ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም ባለፈው ቀን ከባድ የጉልበት ሥራ ወይም ስፖርት ከሠራችሁ ቁጥሩ ያለ ኩላሊት ጉዳትም ከፍ ሊል ይችላል። እኔ መጀመሪያ ስመረመር ኢንፌክሽን ነበረብኝ፤ ውጤቱ 210 ብሎ መጣ። እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሜ «አንድ ውጤት ይዘን አንፈርድም፤ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑን እናክም» አለችኝ። ታክሜ፣ ቆይቼ ስደግም 140 ሆነ። ሦስተኛውም እዚያው አካባቢ ነበር። በሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ከሦስት ናሙና ሁለቱ ከፍ ካሉ ነው ነገሩ እውነት ነው የሚባለው። የኔ እውነት ሆነ።

ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው።

ጋሼ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። እሱም ስኳር ነው የያዘው፣ ከኔ በፊት። አንድ ጊዜ ስኳሩ በራሱ ጊዜ መውረድ ጀመረ። ኢንሱሊኑን ቀነሱለት፣ አሁንም ይወርዳል። ሌሊት አልቦት፣ ተንቀጥቅጦ ይነሳል፣ ስኳር ያለበት ሻይ ሰጥተውት ይረጋጋል። ቤተሰቡ «ስኳሩ ሊለቀው ነው» ብሎ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ኢንሱሊንን ከሰውነት ከሚያስወግዱት አንዱ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊኑ ደም ውስጥ ይቆያል፤ ስኳሩም ይወርዳል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ኪኒንም እንደዚሁ ይጠራቀማል። ስለዚህ አመጋገባችሁን ሳትቀይሩ፣ ክብደት ሳትቀንሱ፣ ስኳራችሁ በተደጋጋሚ መውረድ ከጀመረ ደስ ከማለታችሁ በፊት ኩላሊታችሁን አሳዩ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ይበቃኛል።

አሁን ጋሼ ማሽን ላይ ይተኛል። አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በሳምንት ሦስቴ ነው የሚመከረው፤ አቅም ያጠረው ግን ሁለቴ ያደርጋል። ስጠይቀው አብሬው እገባለሁ። መጀመሪያ ሚዛን ላይ ይወጣል። ከባለፈው እጥበት ወዲህ የጨመረው ኪሎ ሽንት ሆኖ ሊወጣ ያልቻለ ውሃ ነው። ነርሷ ያንን ታሰላለች። ክንዱ ላይ ለእጥበት ተብሎ በኦፕሬሽን የተገናኘ ደም ሥር አለ፤ ፊስቱላ ይሉታል። እጄን ሳሳርፍበት ይንዘረዘራል። ሁለት ወፍራም መርፌ እዚያ ላይ ይገባል። የሚጠጣው ውሃ ተለክቶ ነው። ሙዝና ብርቱካን ሲያይ «ለኔ አይሆንም» ይላል። ሲጨርስ አቅሙ ተሟጦ ነው የሚወጣው። በማግስቱ ትንሽ ነቃ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል።

ኩላሊት ልስጠው ብዬ ጠይቄ ነበር። አገራችን ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ለጋሹ በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ ነው። እኔ ግን ስኳር ስላለብኝ ለመለገስ አልሆንም። ስኳር የኔንም ኩላሊት ነገ ሊፈልገው ይችላል። አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው። ስኳር በዘር የሚሄድበት ቤተሰብ ውስጥ ኩላሊት የሚሰጥ ጤነኛ ሰውም እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ የኔን ኩላሊት መጠበቅ ለልጆቼም የማደርግላቸው ነገር ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። አልቡሚኑ ከተረጋገጠ በኋላ መጀመሪያ የተሰጠኝ ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት ኪኒን ነው። ደረቅ ሳል ያዘኝ። ሌሊት ሌሊት ያስለኛል፣ አክታ የለውም፣ የሽሮፕ ዓይነት ብወስድ አይለቅም። ኢናላፕሪል የሚታወቅበት ነገር ነው። ለሐኪሜ ስነግራት ወደ ሎሳርታን ቀየረችልኝ፣ ሳሉም ተወኝ። ሳል ከያዛችሁ መድኃኒቱን ጥላችሁ እንዳትቀሩ፤ ተተኪ አለው።

የሎሳርታንን ነገር በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ሰዉ በጣም ይሳሳትበታል። «ግፊቴ ደህና ነው፣ ለምን የግፊት ኪኒን ይሰጡኛል» የሚል አለ። መድኃኒቱ ግፊት ከመቀነስ ሌላ ኩላሊት ውስጥ የሚሠራው ሥራ አለ። ደም ወደ ማጣሪያው የሚገባበት ቱቦ አለ፣ የሚወጣበት ቱቦ አለ። ስኳር ሲቆይ መውጫው ይጠብባል፤ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ሎሳርታንና ኢናላፕሪል መውጫውን ያሰፉታል፤ ማጣሪያው ያርፋል፣ የሚያልፈው አልቡሚን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ትልቅ ጥናት ላይ ሎሳርታን የወሰዱ ስኳርና የኩላሊት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ የመድከም አደጋው በ28 በመቶ ቀንሶ ነበር። ዋጋው ውድ ያልሆነ፣ የትም የሚገኝ ኪኒን ነው።

ሲጀመር ታዲያ ክሬቲኒን ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ማጣሪያው ውስጥ የነበረው ጭንቀት ስለረገበ ነው። እስከ 30 በመቶ ያህል ቢነሳ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ አይቋረጥም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሐኪም ምክንያቱን ይፈልጋል። ሰው ይህን ሳያውቅ «መድኃኒቱ ኩላሊቴን ጎዳው» ብሎ ያቆማል። ለዚህ ነው ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ክሬቲኒንና ፖታሲየም መታየት ያለባቸው። ፖታሲየም ደም ውስጥ ያለ ማዕድን ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ፣ ከልክ በላይ ከወጣ ደግሞ ልብን ሊያቆም ይችላል። ቀጠሮ ካልሰጧችሁ እናንተ ጠይቁ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ እነዚህን መድኃኒቶች መውሰድ የለባትም፤ ቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ግፊቴን ቤት ነው የምለካው። ልጆቼ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ማሽን ገዙልኝ። የእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው እሱ ይሻላል። ቡና ከጠጣሁ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ወንበር ላይ ጀርባዬን አስደግፌ፣ እግሬን ሳላነባብር፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀምጬ፣ ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ እለካለሁ። ሁለቴ ለክቼ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ለኔ የተነገረኝ ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ነው። ሐኪም ቤት ስገባ ሁልጊዜ ከፍ ይላል፤ ደብተሬን ሳሳይ ነው እውነተኛው የሚታየው።

ግፊቱን ለማውረድ ከኪኒኑ ሌላ ያገዘኝ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። እኛ ቤት ጨው ከየት ከየት እንደሚገባ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ይፈጫል። ሽሮውም እንደዚያው። ከዚያ ወጡ ሲሠራ «ጨው አነሰው» ተብሎ እንደገና ይጨመራል። ሚጥሚጣው ጨው አለው፣ ለወጥ ማጣፈጫ የሚገባው ኩብ ጨው ነው። እኛ ሀገር ደግሞ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ፤ በዚያ ላይ ቡና ቁርሱ ቆሎ ጨው ይረጭበታል። ስለዚህ ዘንድሮ በርበሬና ሽሮ ሳስፈጭ ጨው አላስገባሁም። ጨው የሚገባው ድስት ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ ራሴ በማንኪያ ለክቼ። መጀመሪያ ልጆቹ «አልጫ ሆነብን» ብለው ነበር። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ በዛ አደረግኩ። አሁን ማንም አያነሳውም። በጨው ፈንታ ተብሎ የሚሸጠው ግን ፖታሲየም ያለበት ስለሆነ ሎሳርታን ለሚወስድና ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ነው። እሱን ተዉት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የህመም ማስታገሻ ነው። በኛ ሰው ዘንድ ዳይክሎፊናክ እንደ ከረሜላ ነው የሚወሰደው። ጉልበት አመመ፣ ዳይክሎፊናክ። ወገብ ያዘ፣ «መርፌውን ውጉኝ»። ጥርስ አመመ፣ ኢቡፕሮፌን። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። ስኳር ያለበት፣ ሎሳርታን ወይም ኢናላፕሪል የሚወስድ፣ በዚያ ላይ የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ላይ ሲጨመሩ ኩላሊቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። የኔ ጉልበት ቆሞ በማስተማር አርጅቷል፣ ያመኛል። ባለፈው መድኃኒት ቤት ሄጄ፦

«ለጉልበት የሚሆን ማስታገሻ ፈልጌ ነበር።»

«ዳይክሎፊናክ ልስጥዎት?»

«ስኳርም ግፊትም አለብኝ፣ ሎሳርታን እወስዳለሁ።»

«እንግዲያው እሱ አይሆንዎትም፣ እናቴ። ፓራሲታሞል ይውሰዱ።»

ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሲነገረው አወቀ። ካልተነገረው ግን ከየት ያውቃል? ስለዚህ መድኃኒት ቤት ስትገቡ አፋችሁን የምትከፍቱት «ስኳር አለብኝ» በማለት ይሁን። ሲቲ ስካን በቀለም መርፌ ሲታዘዝላችሁም፣ ጄንታማይሲን የሚባለው መርፌ ሲታዘዝላችሁም እንደዚያው ተናገሩ።

ባህላዊውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። «ይሄን ቅጠል ቀቅለሽ ጠጪ፣ ስኳርሽን ያጠፋዋል» የሚለኝ ሰው በየሳምንቱ አላጣም፤ ወዶኝ ነው። ጤና አዳም ቡናዬ ውስጥ ጣል ባደርግ የሚከለክለኝ የለም። መጠኑ የማይታወቅ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይነገር ዱቄትና ጭማቂ ግን አልወስድም። ያንን ሁሉ የሚያስወግደው ያው የደከመው ኩላሊት ነው።

ሜትፎርሚን ስለሚባለው የስኳር ኪኒን ደግሞ ተቃራኒው ወሬ አለ። «ኩላሊት ይጨርሳል» ይባላል። አይጨርስም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሜትፎርሚን በኩላሊት ነው የሚወጣው፤ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል። ስለዚህ ኢ ጂ ኤፍ አር ከ45 በታች ሲሆን መጠኑ ይቀነሳል፣ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል። እኔ 59 ላይ ስለሆንኩ እወስዳለሁ። ግሊቤንክላማይዱን ግን ሐኪሜ አስቁማኛለች፤ ስኳር አውርዶ እንዳይጥለኝ።

አዲስ የመጡ መድኃኒቶችም አሉ፤ ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን። ስኳርን በሽንት ያስወጣሉ፤ በዚያው የማጣሪያውን ጭንቀት ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በወጡ ትልልቅ ጥናቶች የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገዩ ታይቷል። እኔ ዳፓግሊፍሎዚን ጀምሬያለሁ። ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። በሽንት ስኳር ስለሚወጣ ብልት አካባቢ ፈንገስ ሊያመጣ ይችላል፤ ንጽሕና መጠበቅ ነው፣ ካሳከከ ሳያፍሩ መናገር ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልላክልሽ ቢላችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ገንዘብ ካጠረ ግን በኔ አስተያየት ቅድሚያ የሚሰጠው ለሎሳርታኑ፣ ለግፊቱና ለስኳሩ ቁጥጥር ነው። እነዚህ በእጃችን ናቸው።

የሦስት ወሩ ስኳር፣ ማለትም የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ የኔ 9 አካባቢ ነበር፤ አሁን ወደ 7 ወርዷል። ለብዙ ሰው የሚመከረው 7 አካባቢ ነው። ዕድሜው ለገፋና ስኳሩ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ትንሽ ላላ ይደረጋል። እንጀራዬን አልተውኩም፤ አንድ ሙሉ የነበረው ግማሽ ሆነ፣ ጎመኑና ምስሩ በዛ። ከእራት በኋላ እስከ አደባባዩ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ።

ማስመለስና ተቅማጥ ሲመጣ የሚደረገውን በደንብ ያዙልኝ። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ሎሳርታን፣ ኢናላፕሪል፣ የሚያሸናው ኪኒን፣ ሜትፎርሚንና ዳፓግሊፍሎዚን ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ። ለኔ የተሰጠኝ መመሪያ እንዲህ ነው፤ ምግብና ውሃ ሆዴ ውስጥ መቆየት ካልቻለ እነዚህን ለጊዜው አቆማለሁ፣ ኦ አር ኤስ በትንሽ በትንሹ እጠጣለሁ፣ ስኳሬን ቶሎ ቶሎ እለካለሁ። በደንብ መብላትና መጠጣት ከጀመርኩ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መልሼ እጀምራለሁ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ኢንሱሊኑን በገዛ ራሱ ማቆም የለበትም። ይህን መመሪያ ሐኪሜ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ልጆቼም ያውቁታል። እናንተም ጤነኛ እያላችሁ አስጽፉ። ታማችሁ በሌሊት ማን ይጠየቃል?

ጾምንም በዚሁ ላንሳ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ፣ መድኃኒት ወስዶ መዋል ለኔ አይነቱ ሰው ስኳርም ያወርዳል፣ ኩላሊትም ያደርቃል። የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። «መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፣ ከሥጋና ከወተት ተከልከዪ፣ ይበቃል» አሉኝ። የጾም ምግቡን እበላለሁ፣ ሰዓቱን አልጠብቅም። ሙስሊም ጎረቤቶቼም ከረመዳን በፊት ሐኪማቸውንም ዑለማቸውንም ይጠይቃሉ፤ በእነሱም ዘንድ የታመመ ሰው ይፈቀድለታል።

ሽሮና ምስር ፕሮቲን ስለሆነ ኩላሊት ይጎዳል ብሎ መፍራት እኔ ባለሁበት ደረጃ አያስፈልግም። ጋሼ የሚከለከለውን ሙዝና ድንች አይቶ እሱን መኮረጅም አያስፈልግም፤ የፖታሲየም ክልከላ ፖታሲየሙ ከፍ ላለበት ሰው ነው። ውሃም በጀሪካን ጠጥቶ ኩላሊት አይታጠብም። ሲጠማ መጠጣት ይበቃል። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ይተው፤ ስኳር ላለበት ኩላሊት ከዚህ የከፋ ጓደኛ የለም።

ኩላሊትና ዓይን ደግሞ አብረው ነው የሚጎዱት። ሁለቱም ቀጫጭን ደም ሥር ነው ያላቸው። የአንዱ ችግር ከታየ ሌላው በዚያው መታየት አለበት፤ ዓይን በዓመት አንዴ፣ ጠብታ ተደርጎ ከውስጥ። ኢ ጂ ኤፍ አር ከ30 በታች ከወረደ፣ አልቡሚኑ ከ300 በላይ ሆኖ ከቀጠለ፣ ወይም ኢ ጂ ኤፍ አሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በፍጥነት ከወረደ የኩላሊት ስፔሻሊስት ማየት አለበት። ሪፈር ካልተባላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ እየወረደ ያለ ሰው ደም ሲቀዳ ከእጁ ጀርባ ላይ ቢሆንለት ይሻላል፤ የክንዱ ደም ሥር ምናልባት ለፊስቱላ ይፈለግ ይሆናል። ይህንን ጋሼ ነው ያስተማረኝ።

የኔ አልቡሚን በመጨረሻ ሲታይ ወደ 50 ወርዷል። ኢ ጂ ኤፍ አሩ እዚያው 58፣ 59 ላይ ነው፤ አልወረደም። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ጥቅምት ላይ ነው። ደሙም ሽንቱም ይታያል፣ ዓይኔንም በዚያው ሳምንት አስይዣለሁ።